ወፏ ለምን ትፈራናለች? እንዴትስ እናላምዳት?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ዝግጅታችን የተነሣው በጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት ካቀረቡልን ጥያቄ ነው። እኚህ እናት ለልጃቸው ባጂ የምትባለውን ትንሽ አረንጓዴ የበቀቀን ዘር ወፍ ከነሽቦ ቤቷ ገዝተውለታል። ወፏ ከገባች ሦስት ሳምንት ቢሆናትም ልጁ በቀረባት ቁጥር ከሽቦው ጋር እየተላተመች ላባዋ እስኪረግፍ ትወራጫለች። ልጁ "ጠልታኛለች" ብሎ ያለቅሳል። አባቱ ደግሞ "የአላህን ፍጡር አስሮ ማስጨነቅ ወንጀል ነው፤ በመስኮት ልቀቋትና እሷም እኛም እንረፍ" ይላሉ። እናት በሁለቱ መካከል ሆነው "ብንለቃት ይሻላል ወይስ ብናስቀምጣት? ብናስቀምጣትስ እንዴት አድርገን እናላምዳት?" ሲሉ ጠይቀዋል።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በጀሞም ሆነ በሌሎች የከተማችን ኮንዶሚኒየሞች ግቢ የሌለው ቤተሰብ ለልጆቹ ወፍ ቢገዛ የሚያስገርም አይደለም፤ ብዙ ቦታ አትፈጅም፣ ድምፅዋም ቤትን ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ወፍ የግድግዳ ጌጥ አይደለችም። ወደ ቤታችን ካስገባናት ቀን ጀምሮ በእጃችን ያለች አማና ናት።

እናስቀምጣት ወይስ እንልቀቃት?

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደሚታወቀው፣ የአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረችው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ሕፃኑን ስለ ወፉ በፍቅር እያጫወቱ ይጠይቁት ነበር። ብዙ ዑለማዎች ወፍን በቤት ማኖር እንደሚፈቀድ ከያዟቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ሐዲስ ነው። በ335 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም ኢብኑል ቃስ አጥ-ጠበሪም ከዚህ አጭር ሐዲስ ስድሳ ያህል ቁም ነገሮችን አውጥተው ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተውበታል።

ፈቃዱ ግን ከነግዴታው ነው። ድመት አስራ፣ ራሷም ሳታበላት፣ ወጥታ እንድትበላም ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለቻት ሴት የተነገረውን ሐዲስ የማናውቅ ጥቂት ነን። ያቺ ሴት የተቀጣችው በመያዟ ብቻ ሳይሆን ይዛ በመበደሏ ነው። ሽቦ ቤት ያላት ወፍም ምግቧ፣ ውኃዋ፣ እንቅልፏና ሰላሟ ሙሉ በሙሉ በእጃችን ላይ ነው።

አባት "ልቀቋት" ማለታቸው ከራሕመት የመነጨ ነውና የሚነቀፉበት ነገር የለም። ነገር ግን ባጂ የሀገራችን ወፍ አይደለችም። መነሻዋ የአውስትራሊያ ደረቅ ሜዳ ነው። ጆን ጉልድ የተባለው እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ በሕይወት ያሉትን በ1840 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ከወሰደ ወዲህ በሰው እጅ ስትራባ ኖራለች። በመስኮት ብትለቀቅ የት እንደምትበላ አታውቅም፤ የምትጠጋበት የራሷ መንጋ የለም፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለውን የከተማችንን የሌሊት ብርድ መቋቋም ሊከብዳት ይችላል። ጭልፊቱና ቁራውም ከሰማይ ይጠብቋታል። በመሆኑም እንዲህ ያለችውን ወፍ መልቀቅ ነፃ ማውጣት ሳይሆን መጣል ነው።

ከጫካ የተያዘች ወፍ ነገር ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው ጥቁር ክንፍ ያላት ላቭበርድ፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን የደጋችን ሀብቶች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ከሕግ ውጭ ይዞ መገኘትንና መሸጥን ከጥፋት ቆጥሮታል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስም ሰሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲትን ወፍ ሁለት ጫጩቶች በወሰዱባት ጊዜ እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዙ። ስለዚህ ከጫካ የተያዘች ወፍ ብትቀርብልን አንግዛ። ገዢ ካለ አጥማጅ አይጠፋምና።

ፍርሃቷ ከየት መጣ?

ባጂ ክብደቷ ከ30 እስከ 40 ግራም ያህል ነው። አንድ ሰው ከእርሷ ከሺህ ጊዜ በላይ ይከብዳል። አላህ የፈጠራትም ሌሎች የሚያድኗት ሆና ነው። ዓይኖቿ ከራሷ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ከየትኛውም ወገን የሚመጣባትን አዳኝ ለማየት ነው። ከላይ የሚወርድ ነገር ሁሉ ለእርሷ ጭልፊት ነው። እኛ ልንዳብሳት የዘረጋነውን እጅ እርሷ የምታየው እንደ ጥፍር ነው። የልጁ መሮጥ፣ የበር መንኳኳት፣ ፊት ለፊት አፍጥጦ ማየት ሁሉ የአዳኝ ጠባይ ይመስላታል። እንግዲህ ወፏ ልጁን አልጠላችውም። ገና አላወቀችውም እንጂ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ሰው "ትልመድ" ብሎ በግድ ይይዛታል። ወፏ መጀመሪያ ትነክሳለች፣ ትጮኻለች፣ ትወራጫለች። በመጨረሻ ዝም ትላለች። ሰውየውም "ለመደች" ብሎ ይደሰታል። ዝምታዋ ግን እምነት ላይሆን ይችላል፤ ማምለጫ እንደሌላት ስታውቅ በፍርሃት ደርቃ ነው። ክንፏን መቁረጥም እንዲሁ ነው። መብረሯን ያስቀራል፣ ፍርሃቷን ግን አያስቀርም። የለመደች ወፍ መሄድ እየቻለች ወደ እኛ የምትመጣ ናት። ልዩነቱን የምናውቀው ከአኳኋኗ ነው።

የፈራች ወፍ ላባዋን ወደ ገላዋ አጣብቃ ትቀጥናለች፣ አንገቷን ታስረዝማለች፣ ወይም ከሽቦው ጥግ ትለጠፋለች፤ መብላቷንም ታቆማለች። የተረጋጋች ወፍ ደግሞ በአንድ እግሯ ትቆማለች፣ ላባዋን ታበጥራለች፣ ምንቃሯን ቀስ እያለች ታፋጫለች፣ እኛ እያየናት ትበላለች። እነዚህን ምልክቶች ማንበብ የቻለ ቤተሰብ የሥራውን ግማሽ ሠርቷል።

በመጀመሪያ ቤቷን እናስተካክል

የሽቦ ቤቷ ክንፏን ዘርግታ ጥቂት መብረር የሚያስችላት ሰፊ ይሁን። ሰው በማይተላለፍበት፣ ነፋስና ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ቦታ፣ አንድ ወገኑ ግድግዳ ተጠግቶ፣ በቆመ ሰው ደረት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ከኋላዋ ግድግዳ ሲኖር ከአንድ ወገን ማንም እንደማይመጣባት ታውቃለች። መሬት ላይ ከተቀመጠች ግን ሁላችንም ከላይ እንመጣባታለን።

ለመቆሚያዋ ቆጥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥሩ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ይህ ዛፍ የወፏ የሀገር ልጅ ነው፤ በአውስትራሊያ ባጂ ጎጆዋን የምታደርገው በባሕር ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። መድኃኒት ያልተረጨበትን መርጦ፣ አጥቦና አድርቆ መስጠት ይበቃል።

ምግቧን ከእህል በረንዳ ማግኘት ይቻላል። ዳጉሳ ይስማማታል። ኑግም ትወዳለች። ኑግ መገኛው የእኛ ደጋ ሲሆን ወደ ውጭ ሀገር ተልኮ ለወፍ መኖ የሚሸጥ እህል ነው። ይሁንና ቅባት ስለሚበዛው በጥቂቱ ይሁን። በየቀኑ የታጠበ ጎመንና የተፈገፈገ ካሮት ይጨመርላት። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡናና ጨው የበዛበት ምግብ ግን ፈጽሞ አይሰጣት። በተለይ አቮካዶ በቤታችን የተለመደ ስለሆነ ልጆች በደግነት እንዳያጎርሷት አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል፤ ለወፍ መርዝ ነውና።

ጭስ ሌላው ትልቅ አደጋ ነው። የወፍ ሳንባ አየርን ከእኛ በበለጠ ሁኔታ አሟጥጦ ስለሚወስድ መርዛማ ጋዝም ቶሎ ይገድላታል። በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ካናሪ የምትባለውን ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወፏ ስትወድቅ ሰዎቹ ይወጡ ነበር። ይህ አሠራር በመሣሪያ መተካት የጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በኮንዶሚኒየም ጠባብ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ፣ የሚቆላ ቡና፣ እጣንና ቡኹር በአንድነት ሲጨሱ ወፏ የት እንዳለች እናስብ። ምግብ የማይጣበቅበት መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝም ለእኛ ሳይሰማን ወፏን በደቂቃዎች ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ወጥ ቤት የወፍ ቦታ አይደለም።

እንቅልፏም ከ10 እስከ 12 ሰዓት መሆን አለበት። እንቅልፍ ያጣች ወፍ ድንጉጥ ናት። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ስስ ጨርቅ ሸፍኖ ቴሌቪዥኑን ከአጠገቧ ማራቅ ተገቢ ነው። በረመዳን ቤተሰቡ ለሱሁር ሲነሣና መብራት ሲበራ እንዳትደነግጥ ሌሊቱን ወደ ጸጥተኛ ክፍል ማዛወር ይቻላል።

ደረጃ በደረጃ ማላመድ

አንደኛ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንተዋት። ምግቧንና ውኃዋን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዝግታ እንቀይር። እጃችንን ከማስገባታችን በፊት ለስለስ ባለ ድምፅ እናናግራት። ገብተን ሰላም ስንል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይሁን። ወፏ ድምፃችንን ከምግቧ ጋር ማያያዝ ትጀምራለች።

ሁለተኛ፤ ድንበሯን እንወቅ። እየበላች ሳለ ቀስ ብለን ስንጠጋ መብላቷን የምታቆምበት ቦታ አለ። ምናልባት ሁለት ሜትር ይሆናል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለን ወንበር ስበን እንቀመጥ። ቁርኣን የሚቀራ ይቅራ፣ ልጁም የቤት ሥራውን ይሥራ። ፊት ለፊት አናፍጥጥባት። በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንዲህ ተቀምጠን፣ መብላቷን ሳታቋርጥ ስናይ ብቻ ወንበሩን ጥቂት እናስጠጋ። ላባዋን አጣብቃ ከቀጠነች ወደ ኋላ እንመለስ። ይህ ሽንፈት አይደለም። "በቃ" ስትል የሚሰማት ሰው እንዳለ ታውቃለች። እምነቷ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ እጃችንን እናስተዋውቃት። ከነዛላው የተገኘ ዳጉሳ ወይም አንዲት የጎመን ቅጠል በሽቦው መካከል እንያዝላት። እጃችን ከደረቷ በታች ይሁን እንጂ ከላይ አይምጣ። ባትመጣ አንከተላት። ሦስት ደቂቃ ያህል ይዘን እንተወውና ነገ እንሞክር። በሽቦው በኩል ያለ ፍርሃት መብላት ስትጀምር በሩን ከፍተን እጃችንን ከበሩ አፍ ላይ ብቻ እናድርግ። በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ እናስገባ። እጃችን እንደ እንጨት የማይንቀሳቀስ ይሁን፤ መራመድ ያለባት እርሷ ናት።

አራተኛ፤ ጣታችን ላይ መቆም። ከእጃችን መብላት ከለመደች በኋላ ሌላኛውን ጣታችንን ከእግሯ ከፍ ብሎ ከሆዷ በታች ቀስ አድርገን እናስጠጋና አንድ ቃል፣ ለምሳሌ "ውጪ" እንበላት። ስትወጣ ወዲያው ትንሽ ምግብ እንስጣት። ወርዳ መሄድ ከፈለገች አንከልክላት። መሄድ እንደምትችል ስታውቅ መቆየትን ትመርጣለች።

አምስተኛ፤ ከሽቦ ቤቷ ማውጣት። ይህ የሚሆነው ጣት ላይ መቆም ከለመደች በኋላ ነው። መስኮትና የበረንዳው በር ይዘጋ፤ መጋረጃ ይጋረድ፤ መስታወት ይሸፈን፤ ምድጃ ይጥፋ። በተለይ ውኃ የምናጠራቅምበት በርሜልና ባልዲ መከደኑን እናረጋግጥ፤ ትንሽ ወፍ ወድቃ ልትሰምጥ ትችላለችና። ስትመለስ በእጅ አናባርራት። ከማታ ምግቧ በፊት አውጥተን ምግቡን ውስጥ ብናስቀምጥላት ሲርባት በራሷ ትመለሳለች። በአንድ ማባረር የአንድ ወር ልፋት ሊፈርስ ይችላል።

ጊዜው ስንት ነው ለሚለው፣ ወጣት ወፍ በጥቂት ሳምንታት ልትላመድ ትችላለች። ያደገችና ቀደም ሲል በእጅ የተንገላታች ግን ወራት ሊወስድባት ይችላል። ብትነክስ አንጩህ፣ እጃችንንም አናራግፍ። መጮሃችን ያስደነግጣታል ወይም ጨዋታ ይመስላታል። ዝም ብለን ቀስ አድርገን እንመልሳትና ነገ ከአንድ ደረጃ በታች እንጀምር። ፍርሃት በምት አይወጣም፤ በምት ይሰርጻል እንጂ።

ብቸኝነቷንም እናስብ

ባጂ በተፈጥሮዋ በመንጋ የምትኖር ናት። አባትና እናት ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ውለው ቤቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ የሚሆን ከሆነ ጓደኛ ቢኖራት ይመረጣል። ሁለት ሲሆኑ ከሰው ጋር መላመዳቸው ይዘገይ ይሆናል። ሆኖም የእኛ ደስታ ከእርሷ ብቸኝነት አይቀድምም።

ሕመሟንም ልብ እንበል። ወፍ ደካማነቷን አዳኝ እንዳያይባት ሕመሟን ትደብቃለች። ቀኑን ሙሉ ላባዋን ነፍታ ካንቀላፋች፣ ከታች ወለሉ ላይ ከተቀመጠች፣ ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም መብላት ካቆመች ነገሩ ፍርሃት ሳይሆን በሽታ ሊሆን ይችላል። ነገ ዛሬ ሳይባል የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። የቤቷን ወለል በየቀኑ ማጽዳት፣ ከነካናትም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ለእኛም ለእርሷም ጤና ነው።

ወላጆች ሆይ

ወፏን የሚያላምደው ልጅ አንድ ይሁን። የቀሩት እህትና ወንድሞቹ መጀመሪያ ከሩቅ ይመልከቱ። ልጁ ዛሬ ያየውን በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ስንት እርምጃ ቀረበ? በላች? ቀጠነች? እንዲህ ሲያደርግ የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋል፤ ትንሿ ለውጥም ታስደስተዋለች። ምግብና ውኃ የማቅረቡ ኃላፊነት ግን የአዋቂ ነው። ልጅ ቢረሳ በአላህ ፊት የሚጠየቀው የገዛው አዋቂ ነውና።

ልጁ ከዚህ የሚያተርፈው ወፍ ብቻ አይደለም። ጉልበት ያለው እርሱ፣ ደካማዋ እርሷ ናት። ኃይሉን ሰብስቦ ተቀምጦ መጠበቅን ከተማረ፣ ነገ ለታናሽ እህቱ፣ ለቤት ሠራተኛዋ፣ ኋላም ለትዳሩ የሚሆን ስንቅ ይዟል። በአንጻሩ ፍጡርን በግድ ጨብጦ ዝምታዋን እንደ ፍቅር መቁጠር የለመደ ልጅ፣ ይህንኑ ጠባይ ወደ ሰውም ሊወስደው እንደሚችል መስጋት ተገቢ ነው።

ለጠየቁን እናትም መልሳችን፣ አይልቀቋት፣ በግድም አይያዟት የሚል ነው። የሽቦ ቤቷን ከመተላለፊያ ያንሱላት፣ አንድ ሳምንት ይተዉአት፣ ከዚያም ልጅዎ ከሁለት ሜትር ርቀት ይጀምር። ከጊዜ በኋላ ይህን ያህል እንክብካቤ ማድረግ አቅም የማይፈቅድ ሆኖ ከተገኘ፣ ወፍ መያዝ ለሚያውቅና ለሚራራ ሰው መስጠት ነውር የለውም። አማናን ለሚጠብቀው ማስረከብም አማናን መጠበቅ ነው።

የነፍስ ባለቤት ለሆነ ፍጡር ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር አጅር እንዳለ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል። አላህ ሰብሩንና ራሕመቱን ይስጠን፤ በእጃችን ያሉትን ደካሞች ከማስጨነቅ ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።